ከቀኝ የሚነበብ በሬ

ያን የገበያ ቀን ጠዋቱ ብራ ነበር። ረፋዱ ላይ በወግዲ በኩል አንድ ጥቁር ደመና ብቅ ሲል፣ ሰዉ ቀና ብሎ አይቶት ያልፋል ብሎ ናቀው። የመካነ ሰላም ደመና ግን ሲንቁት አይወድም። እኩለ ቀን ሳይደርስ በረዶው ወረደ፤ መጀመሪያ ሽንብራ የሚያህለው፣ ቀጥሎ ባቄላ የሚያህለው። በርበሬ የዘረጋችው በርበሬዋን በነጠላዋ ሰብስባ፣ ጨው የደረደረው ጨዉን አቅፎ፣ አህያውም ሳይቀር ጭነቱን እንደያዘ፣ ገበያው በሙሉ ጋሽ ቢተው ባሠሩት ባለ ስድስት በር ቤት ክፈፍ ሥር ገብቶ ተጣበቀ።

የመጀመሪያዋን በር የተከራየችው ኡምኩልሱም ነበረች። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ክምር መጽሔት ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ አገጯን በመዳፏ ደግፋ፣ ገዢ ስትጠብቅ ነው የዋለችው። ብቅ ያለው ሰው ሁሉ እስክሪብቶ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል እንጂ መጽሔቷን እንደ መጠቅለያ ወረቀት አይቶ ያልፋታል። አንዲት ሴትዮማ በኪሎ ስንት ነው ብላታለች። አሁን ግን አላህ በረዶ አዘነበና ገበያተኛው መሄጃ አጣ። መሄጃ ያጣ ሰው ደግሞ ያገኘውን ያነባል።

መጽሔቷ «ስድስት ሥዕል» ትባላለች። እንዴት እንደተወለደች ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ኡምኩልሱም ትምህርት ያቆመችው ከአምስተኛ ክፍል ነው። እናቷ ታመሙ፣ እሷ ቀረች። እናቷ ሲድኑ ጓደኞቿ አልፈዋት ሄደው ነበርና ከትናንሽ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጡን አፈረችበት። ካደገች በኋላ እንደ ሰፈሯ ሴቶች ልጆች ጅዳ ሄደች። እዚያ መስኮት የሌላት የልብስ መተኮሻ ክፍል ነበረቻት። የአሠሪዎቿ ልጆች አይተው የጣሉትን በሥዕል የሚተረክ መጽሔት እየሰበሰበች፣ ካውያው እስኪግል ድረስ እሱን ታያለች። ዓረብኛ ማንበብ የቻለችው በዚያ ነው፤ ሥዕሉ ቃሉን ይነግራታል፣ ቃሉ ሥዕሉን። በዚያ ቤት ስሟን የጠራት ሰው አልነበረም፤ «ያ ቢንት» ነው የምትባለው፣ አንቺ ልጅ እንደ ማለት። የሳቀችውም ከመጽሔቶቹ ጋር ብቻ ነው። ወደ አገሯ ስትመለስ፣ እንዲህ ያለ ነገር እዚያው አሳትማለሁ፣ ዳግመኛ አልሄድም ብላ ለራሷ ምላ ነበር።

ወንድሟ አብዱራህማን ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። እሷ በላከችለት ገንዘብ ቤት ጀምሯል። ግድግዳው ቆሟል፣ በሩ ተገጥሟል፣ ቁልፍም አለው። ጣሪያ ብቻ የለውም። አብዱራህማን ማታ ማታ ገብቶ በሩን ከውስጥ ይቆልፋል፤ ከላዩ ግን ሰማይ ነው። ጥግ ላይ የወጠራት ሸራ ውስጥ ሚስቱን ይዞ ይተኛል። ሰው ሲጠይቀው፣ «ጣሪያው ጅዳ ነው ያለው» ይላል፣ እህቱን በዓይኑ እያመለከተ።

ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ተስማሙ። መጽሔቷ እስከ መስከረም ድረስ ራሷን ችላ ለጣሪያው የምታዋጣ ከሆነ ኡምኩልሱም ትቀራለች። ካልሆነ በመስከረም የደሴውን አውቶቡስ ትሳፈርና ወደ መተኮሻ ክፍሏ ትመለሳለች። አብዱራህማን ክፉ ሰው አልነበረም። ዝናብ ብርድ ልብሱ ውስጥ እየገባ የሚቀሰቅሰው ሰው ነበር።

መጽሔቷን የምታትምበትን የወረቀት ማባዣ ደሴ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ሲያስወግድ ገዛችው። በእጅ የሚዞር ነው፤ ሲዞር እንደ ታመመች ዶሮ ያቃስታል። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከፍየሎች ጋር ተጭኖ መጣ። ሠዓሊ ስትፈልግ ደግሞ ምናለን አገኘች። ምናለ የሻይ ቤት ግድግዳና የጭነት መኪና ጭቃ መከላከያ ላይ የሚሥል ሰው ነው። ከጭንቅላቱ የሚያወጣው ሥዕል የለውም፤ ዓይኑ ያየውን ብቻ ነው የሚሥለው። አንበሳ አይቶ ስለማያውቅ አንበሶቹ ሁሉ የመናኸሪያውን ውሻ ይመስላሉ። ሰው ሲሥል ግን የዚያ ሰው እናት ከሩቅ ትለየዋለች።

ጋሽ ቢተው እህል ነጋዴ ናቸው። ሲገዙ ቁናቸው ይሰፋል፣ ሲሸጡ ይጠባል ተብለው ይታማሉ። ክረምት ከበጋ ጥቁር ካፖርት ይለብሳሉ፤ ሰማዩ ጠርቶ እንኳ ጃንጥላቸው ከክንዳቸው አትለይም። ሌላው አከራይ ሁሉ ከዓረብ አገር የመጣች ብቸኛ ሴት እያለ ሲያንገራግር፣ ቁልፉን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ የሰጧት እሳቸው ናቸው። ኡምኩልሱም ውለታቸውን ልትመልስ ፈለገች። የመጀመሪያው ታሪክ ስለ አንድ ደግ ሰው ይሆናል፤ የደጉም ሰው መልክ የጋሽ ቢተው ይሆናል። ለእሳቸው አልነገረቻቸውም። ድንገት አይተውት ደስ እንዲላቸው ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ሥዕል አንድ የጠፋ በሬ በዝናብ ከደጉ ሰው በር ላይ ቆሟል። በሁለተኛው ደጉ ሰው አስገብቶ ጭድ ያቀርብለታል፣ «ብላ፣ የኔ እንግዳ» እያለ። በሦስተኛው አንዲት ባልቴት «በሬዬን ያያችሁ» ብላ ታለቅሳለች። በአራተኛው ደጉ ሰው ገበያ ወጥቶ፣ «ይህን በሬ የሚያውቅ አለ?» ይላል። በአምስተኛው በሬውን እየነዳ፣ «ቶሎ ቶሎ በል፣ ሳይመሽብን» ይለዋል። በስድስተኛው ባልቴቷ በሬዋን አጠገቧ አድርጋ በሯ ላይ ቆማ፣ ፊት ለፊቷ የቆመውን ደግ ሰው፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ግቡ እንጂ» ትለዋለች።

ምናለ ሥዕሎቹን በየብቻቸው ጨርሶ ሲያስረክባት፣ ከየት ነው የሚጀምረው ብሎ ጠይቋት ነበር። ከመጀመሪያው ነዋ አለችው። እሱም መልስ ያገኘ መስሎት ሄደ። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ለጥፋ ስድስቱን በአንድ ረድፍ ደረደረቻቸው፤ ከቀኝ ወደ ግራ። በዕድሜዋ ያየችው የሥዕል ታሪክ ሁሉ ከቀኝ ነው የሚጀምረው፤ በአማርኛ የተሠራ አይታ አታውቅም። ፊደል ከግራ እንደሚነበብ አልጠፋትም። ሥዕል ግን ፊደል አይደለም፣ ሥዕል ከቀኝ ነው ብላ ነው የምታምነው። ይህን ስህተት ለመሳሳት ከመካነ ሰላም ተነስቶ ጅዳ ድረስ ሄዶ ልብስ መተኮስ ያስፈልጋል።

እንግዲህ በበረዶው ቀን ከክፈፉ ሥር ከተጠለሉት መካከል አሻግሬ የሚባል ጨው ነጋዴ ነበር። ማንበብ ይችላል፤ መቻሉንም ሰው እንዲያውቅለት ይፈልጋል። አንዷን ገዝቶ ዘረጋና ማንበብ ለማይችሉት ጮክ ብሎ ያነብላቸው ጀመር፤ ከግራ። ባልቴቷ በሬዋን አጠገቧ አቁማ እንግዳ ትቀበላለች፣ ግቡ እንጂ ትላለች፤ እንግዳው ካፖርትና ጃንጥላ አለው። ቀጥሎ እንግዳው በሬውን ቶሎ ቶሎ በል እያለ ይነዳል። ገበያ ደርሶ ይህን በሬ የሚያውቅ አለ ብሎ ያጣራል፤ የሚያውቅ የለም። ባልቴቷ ታለቅሳለች። በሬው ሰውዬው ቤት ገብቶ የኔ እንግዳ ይባላል። መጨረሻ ላይ ጭዱ አልቆ ነው መሰለኝ አለ አሻግሬ፣ በዝናብ ውጭ ያቆሙታል።

ክፈፉ በሳቅ ሊወርድ ደረሰ። ስለ ጋሽ ቢተው ቁና ስንት ዓመት በሹክሹክታ ሲያወራ የኖረ ገበያ፣ ነገሩን በሥዕል ሲያገኘው ምን ይሁን?

ኡምኩልሱም ሳቁን ስትሰማ አልሐምዱሊላህ አለች። ቀጥላ ምን እንደሚያስቃቸው ሰማች። ከቀኝ ነው ልትላቸው ከወንበሯ ተነስታ አፏን ስትከፍት፣ ሦስት እጅ ብር ይዞ ተዘረጋላት። ጣሪያ የሌለው ቤት ትዝ አላት። አፏን ዘግታ ሸጠች። በረዶው ሲያባራ ክምሩ አልቆ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማባዣው አላረፈም። የአውቶቡስ ረዳት አንድ እሽግ ወደ አቀስታ ወሰደ፣ ባዶ እጁን ተመልሶ ሌላ ጠየቀ። የአጅባር ከብት ነጋዴዎች የበሬ ነገር ከሆነ እኛን ይመለከታል ብለው አስላኩ። አብዱራህማን ራሱ እጀታውን እያዞረ ያግዛት ጀመር፤ አንድ ቀንማ የቆርቆሮ ዋጋ ጠይቆ መጣ። መንገድ ላይ ሰው በስሟ ይጠራታል፤ ኡምኩልሱም አሳታሚዋ። እሷም ስትጠራ ለመስማት ብላ አንዳንዴ ሥራ ሳይኖራት ወጣ ትላለች።

ጋሽ ቢተው ይህ ሁሉ ሲሆን ደሴ ነበሩ፣ እህል ሊሸጡ ሄደው። ሲመለሱ ከአውቶቡስ እንደ ወረዱ ከሰው መሐል አንዱ «እምቧ» አለ። ዞር ቢሉ ሁሉም ሰማይ ሰማይ ያያል። በማግስቱ የሻለም የምትባል ባልቴት መጋዘናቸው በር ላይ መጥታ ቆመች። ከሦስት ዓመት በፊት በሬ ጠፍቶባታል። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። የኔ በሬ አንድ ቀንዱ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው፣ እዚህም ሥዕል ላይ እንደ መታጠፍ ብሏል፤ አርደውት ከሆነ ቆዳውን እንኳ ስጡኝ አለቻቸው። ጋሽ ቢተው ወረቀቷን ተቀብለው ዘረጉና ራሳቸውን አገኙ። ጃንጥላቸው ከክንዳቸው ወደቀች። በሰው ፊት ስትወድቅ የመጀመሪያዋ ነው።

ነገሩ ለሽማግሌ ደረሰ። የከተማው ጠብ ሁሉ የሚያልፈው በሸህ አህመድና በመሪጌታ ደሳለው እጅ ነውና እነሱ ተሰየሙ። ጋሽ ቢተው ተነስተው፣ ቤቴን ብሰጣት ስሜን ሸጠችው ብለው ከሰሱ። ሸህ አህመድ መጽሔቷን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ረጋ ብለው አዩ።

«ቢተው፣ ምኑ እንዳስከፋህ አልገባኝም» አሉ። «እዚህ ላይ ያለኸው አንተ ከሆንክ፣ ወላሂ ከማውቅህ በላይ ደግ ሰው ነህ።»

«ደግ?» አሉ መሪጌታ ደሳለው። «የባልቴት በሬ ነድቶ?»

«ነድቶ አይደለም፣ መልሶ።»

ሸሁ በቁርዓን ቤት ያደጉ ናቸውና ዓይናቸው ከቀኝ ተነስቷል፤ መሪጌታው በዳዊት ያደጉ ናቸውና ከግራ። ሁለቱም በጣታቸው እየተከተሉ ሲከራከሩ፣ ጣቶቻቸው መሐል ላይ፣ ባልቴቷ የምታለቅስበት አጠገብ ተገናኙ። ያኔ ነው ኡምኩልሱም አንገቷን ደፍታ የጅዳውን መጽሔት ነገር ያስረዳችው። ላመሰግናቸው ነበር አለች። ጋሽ ቢተው ከቀኝ ጀምረው ሲያዩት ፊታቸው ፈታ አለ። ጭድ የሚያቀርቡባትን ሥዕል ሁለት ጊዜ ተመለሱባት።

ፍርዱ ያማረ ነበር። ኡምኩልሱም ያንኑ ታሪክ ከግራ ወደ ቀኝ አድርጋ ደግማ ታትማለች። ሽማግሌዎቹ በበኩላቸው የሕዝቡን ጥርጣሬ ያጠፋሉ። በቃላቸውም ሸህ አህመድ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ መሪጌታ ደሳለው ከቅዳሴ በኋላ፣ የኡምኩልሱም ወረቀት የሚነበበው ከቀኝ ነው፣ ሰውን በከንቱ አትሙ ብለው ተናገሩ። አዲሱ እትም ከግራ እንደሚሆን መናገር ግን ሁለቱም ዘነጉት፤ አንዱ ሌላው ይናገረዋል ብሎ ነው።

ሁለተኛዋ «ስድስት ሥዕል» በወጣችበት የገበያ ቀን ጠብታ እንኳ አልነበረም። ሰው ግን ሳይዘንብበት መጥቶ ተጠለለ። አሻግሬ አንዷን ዘርግቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ባለፈው ባለማወቅ ተሳስተናል አለ፤ ሸሁም መሪጌታውም እንደተናገሩት በትክክል ላንብብላችሁ። አነበበ፤ ከቀኝ። ባልቴቷ በሬዋን አጠገቧ አቁማ እንግዳ ትቀበላለች። እንግዳው ካፖርትና ጃንጥላ አለው።

ኡምኩልሱም በዚህ ጊዜ ዝም አላለችም። ከግራ ነው፣ የአሁኑ ከግራ ነው እያለች ወጣች። አሻግሬ ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ በሐዘኔታ አያት።

«እታለም፣ ባለፈው ከቀኝ ነው አልሽ፣ እሺ አልን። ዛሬ ከግራ ትያለሽ። የሚቀጥለው ከላይ ሊሆን ነው? ሰውዬው ካስፈራሩሽ ንገሪን።»

ምናለ ይህ እንዳይመጣ ብሎ ከሥዕሎቹ ሥር ወደ ቀኝ የሚያመለክት ቀስት ሥሎ ነበር። ቀስቱ ባልቴቷ በር ላይ ነው የሚያልቀው። ገበያተኛው አይቶ ወዲያው ገባው፤ የበሬው ባለቤት እሷ ናት ማለት ነው አለ።

ጋሽ ቢተው ሦስት ቀን ከቤት አልወጡም። በአራተኛው አጅባር ሄደው በገዛ ገንዘባቸው በሬ ገዙ፣ ቀይ፣ ሥጋው የሞላ። ለየሻለም ሊሰጧት ነው፤ እንዲህ የሚያደርግ ሰው በሬ አይሰርቅም ይባልልኛል ብለው አሰቡ። ሰው ሁሉ እንዲያይላቸውም በገበያ መሐል ራሳቸው ነዱት፤ በካፖርታቸው፣ ከነጃንጥላቸው። ሰማዩ ደመን ብሎ ስለነበር በሬውን ቶሎ ቶሎ በል አሉት። ገበያው መሸጡን ትቶ ተመለከተ። ይህችን ሥዕል የማያውቃት አልነበረም።

የሻለም በሯ ላይ ቆማ ተቀበለቻቸው። ይሄ እንኳ የኔ አይደለም፣ የኔ ቀንዱ የታጠፈ ነው አለች፤ ቢሆንም እግዜር ይስጥልኝ ብላ አስገባችው። ከማታ በፊት ወሬው ወግዲ ደረሰ፤ ቢተው በሬውን መለሱ። መሪጌታ ደሳለው እንኳ ያልወሰደ ምን ይመልሳል ብለው አሰቡና፣ ላሰቡት ንስሐ ገቡ።

በማግስቱ ጋሽ ቢተው የመጀመሪያዋን በር አንኳኩ። ልጄ ብለው ሳይጠሯት፣ ቀና ብለው ሳያዩአት፣ ዕቃሽን አውጪ አሏት። ኡምኩልሱም አልተከራከረችም። መስከረምም ቀርቦ ነበር። አብዱራህማን ፓስፖርቷን ካለበት አውጥቶ አቧራውን አራገፈ፤ ደስ ያለው ግን አይመስልም ነበር። ማባዣውን ጣሪያ የሌለው ቤት ውስጥ አስገብተው በሸራ ሸፈኑት።

የሄደችበት ቀን በጠዋት የደሴው አውቶቡስ ሞልቶ፣ ረዳቱ ሻንጣዋን ጣሪያ ላይ አስሮ፣ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ሳለ፣ ጋሽ ቢተው ጃንጥላቸውን እያወዛወዙ ከመንገዱ መሐል ቆሙ። ማታ ሚስታቸው አንድ ነገር ብለዋቸው አላስተኛቸውም ነበር። በመስኮቱ በኩል መጡ።

«ኡምኩልሱም፣ ውረጂ።»

«ጋሽ ቢተው፣ ቤቱን ልቀቂ አሉኝ፣ ለቀቅሁ። አውቶቡሱንም ልልቀቅልዎት?»

ተሳፋሪው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«አንቺ ከሄድሽ እኔ ሌባ ሆኜ መቅረቴ ነው። ያሳጣችውን ሴት ከአገር አባረራት ይሉኛል። ተቀምጠሽ ቤቴን ስትከራዪ ካዩ ግን፣ የሰረቀ ሰው እንዲህ አያደርግም፣ ውሸት ነበር ይላሉ። ውረጂ፣ ልጄ።»

ኡምኩልሱም ወንድሟን አየችው። አብዱራህማን ከታች ቆሞ ዓይኑን ወደ ሰማይ አደረገ፤ ለጸሎት አይደለም፣ ጣሪያውን ለማስታወስ ነው። ጋሽ ቢተው ምን እንደሚያይ ጠየቁት። ነገራቸው። ከመጋዘኔ ላይ የወረደ አሮጌ ቆርቆሮ አለ፣ ውሰድ አሉት። ቀዳዳ የለውም ወይ ብሎ ጠየቀ። ከሰማይ ያነሰ ነው ያለው አሉት። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ረዳቱ እየተነጫነጨ ሻንጣዋን ፈታ።

አንድ ነገር ብቻ አስማሏት፤ ከቀኝም፣ ከግራም፣ ከየትም አቅጣጫ ዳግመኛ ታሪክ በሥዕል እንዳታወጣ። ኡምኩልሱም ከዚህ የከፋ ስንት መሐላ አይቻለሁ ብላ ማለች። «ስድስት ሥዕል» በሁለት እትም ተዘጋች።

የአብዱራህማን ቤት ጣሪያ አለው። ሲዘንብ በስድስት ቦታ ያፈሳል፣ ሲሞቅ ነቀዝ ይሸታል። ምናለ ኮምቦልቻ ሄዶ ታፔላ ይጽፋል። አሻግሬ ሁለቱንም እትም በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጧል፤ የትኛው ከየት እንደሚነበብ አሁንም ሰው ያከራክራል። የሻለም በሬውን አልሸጠችውም። ጋሽ ቢተው አርጅተዋል፤ ከኡምኩልሱም በር ላይ ወንበር አስወጥተው መንገደኛው እንዲያያቸው ሆነው ይቀመጣሉ።

ኡምኩልሱም መካነ ሰላም ናት። በዚያችው በመጀመሪያዋ በር ደብተርና እስክሪብቶ ትሸጣለች፣ መብራት ሲኖር ፎቶ ኮፒ ታነሳለች።